ፍርፋሪና መንኮራኩር፦ የአንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ደራሲ ሥራ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ሲነሣ በአብዛኞቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ሥዕል ተመሳሳይ ነው። ብርሃን የሚተፋ መሣሪያ፣ ከብረት የተሠራ ሰው፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ የምትከንፍ መንኮራኩር፣ ከዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ወጪ ይታየናል። ከዚህ ሥዕል በመነሣት ብዙ ተማሪዎች «እንዲህ ያለው ድርሰት የሚጻፈው በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ለሌላ ሰው ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ። በዚህ ጽሑፍ ያንን ድምዳሜ የሚፈትን አንድ ምሳሌ እንመለከታለን። ምሳሌያችን በአገራችን ምድር፣ በአማርኛ ቋንቋ፣ በኢትዮጵያውያን ተዋንያን የተሠራ ፊልም ነው። የፊልሙ ደራሲ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ይባላል።

በመጀመሪያ የደራሲውን ሥራዎች በአጭሩ እናስተዋውቃለን። ቀጥለን በድርሰቱ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁለቱን፣ ማለትም ቦታውንና መንኮራኩሩን፣ በቁጥር እንፈትሻለን። በመጨረሻም በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ወደምትገኘው ቦርደዴ ወርደን አንድ ተማሪ ከዚያ ተነሥቶ ምን ሊጽፍ እንደሚችል እንመረምራለን። ለስሌቶቹ የሚያስፈልገው የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብቻ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

ደራሲውና ሥራዎቹ

ሚጌል ያንሶ በማድሪድ የተወለደ፣ ፍልስፍናና ሲኒማ ያጠና ሰው ነው። በአዲስ አበባ በኖረባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያውያን የፊልም ባለሙያዎች ጋር መሥራት ጀመረ። በአገራችን ፊልሞች መክፈቻ ላይ «ድርሰትና ዝግጅት» የሚለው ጽሑፍ ከአንድ ስም ጋር እንደሚወጣ ሁሉ፣ ያንሶም ፊልሞቹን ራሱ ይጽፋል፤ ራሱም ያዘጋጃል። በ2013 «ቺገር ኤል» የተባለውን አጭር ፊልም ሠራ። በ2015 የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙን «ክራምብስ»ን ለተመልካች አቀረበ፤ ትርጉሙ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። በ2019 ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚያወጣውን መንገድ ያሳይሃል» የሚሆነው ሁለተኛው ፊልሙ ወጣ። በ2024 ደግሞ በኢስቶኒያ የሠራውን «ማለቂያ የሌለው በጋ» የተባለ ሦስተኛ ፊልም አስከተለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥራዎች ዋናው ተዋናይ ኢትዮጵያዊው ዳንኤል ታደሰ ነው።

«ፍርፋሪ» 68 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ፊልም ነው። ብዙ የፊልም ተቺዎች ከዓለም ጥፋት በኋላ ያለውን ዘመን የሚተርክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም አድርገው ያነሡታል። ታሪኩ እንደሚከተለው ነው። ከታላቅ ጥፋት በኋላ ምድር ባዶ ሆናለች። በዳንኤል ታደሰ የተወከለው ዋናው ገጸ ባሕርይ የወዳደቀ ዕቃ እየለቀመ ይኖራል። መኖሪያው የተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ነው፤ ከእርሱ ጋር በሰላም ተስፋዬ የተወከለችው ፍቅረኛው አለች። በሰማይ ላይ ለረጅም ዘመን ያለ እንቅስቃሴ የቆየ አንድ ግዙፍ መንኮራኩር ይታያል። አንድ ቀን መንኮራኩሩ የነቃ የሚመስል ምልክት ያሳያል። ሰውየው የመጣሁት ከዚያ ነው ብሎ ያምናልና ወደ ትውልድ ስፍራው የሚመለስበትን መንገድ ፍለጋ ይወጣል።

በዚህ ዓለም ውስጥ ከእኛ ዘመን የተረፉ ተራ ዕቃዎች ሌላ ትርጉም አግኝተዋል። የልጆች የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይገመታል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን ምስል ደግሞ ጸሎት ይደረግለታል። ተመልካች በመጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ግን «እነዚህ ሰዎች ዕቃው ምን እንደነበረ እንዴት ጠፋቸው?» ብሎ ይጠይቃል። የድርሰቱ ሳይንሳዊ ፍሬ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው እንላለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቦታው፦ ዳሎል በቁጥር

ደራሲ ቦታ ሲመርጥ የተፈጥሮ ሕግንም አብሮ ይመርጣል። «ፍርፋሪ» ከተቀረጸባቸው ስፍራዎች አንዱ በአፋር ደናክል ዝቅታ የሚገኘው የዳሎል ፍርስራሽ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ፖታሽ ለማውጣት ለተቋቋመ የማዕድን ሥራ የተሠራ ሲሆን ኋላ ተትቷል። ከቤቶቹ ግድግዳ ብዙው የጨው ጡብ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬታ የዓመቱ አማካይ የሙቀት መጠን 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህም ሰው ሠፍሮባቸው ከነበሩ ቦታዎች በምድር ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። በአቅራቢያው ከሚፈልቁት ምንጮች አንዳንዶቹ እጅግ አሲዳማ ከመሆናቸው የተነሣ ፒኤቻቸው ከ1 በታች ነው።

ያንሶ ለዚህ ገጽታ አንድም ሐሳዊ ግንብ መገንባት አላስፈለገውም። በሌላ አገር በኮምፒውተር የሚሣለው «የሌላ ፕላኔት» መልክ እዚህ በተፈጥሮ አለ። ይሁን እንጂ ቦታው ለገጸ ባሕርዩ የሚያመጣው ችግርም አለ። እስቲ እናስላው።

አንድ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ሰውነቱ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። ሲራመድ 300 ዋት ያህል ይደርሳል። የአየሩ ሙቀት ወደ ሰውነታችን ሙቀት፣ ማለትም ወደ 37 ዲግሪ፣ ሲጠጋ ይህን ሙቀት ማስወገድ የሚቻለው በላብ ትነት ብቻ ነው። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600 ሰከንድ ስላለ፣ የሚራመደው ሰው የሚያመነጨው ሙቀት 300 × 3,600 = 1,080,000 ጁል ይሆናል። ይህን ለ2,400 ብናካፍለው 450 ግራም እናገኛለን። ስለዚህ ጀግናችን በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ ያጣል። ስምንት ሰዓት ቢጓዝ 3.6 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ይህም የፀሐዩን ቀጥተኛ ግለት ሳንጨምር ነው።

እንግዲህ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ይህን ቁጥር ካወቀ በኋላ ጥያቄ ይፈጠርበታል። ገጸ ባሕርዩ ውኃውን ከየት ያገኛል? ማን ይሰጠዋል? በምን ይለውጠዋል? እያንዳንዱ መልስ አንድ ትዕይንት ነው። ፊዚክሱ የደራሲውን ምናብ አላሰረም፤ ቀጣዩን ገጽ ሰጠው።

መንኮራኩሩ፦ በሰማይ መሰቀል ይቻላልን?

አሁን ወደ ሰማዩ እንመልከት። አንድ ግዙፍ ነገር ሳይወድቅ በሰማይ ላይ በአንድ ስፍራ ለዓመታት መቆየት የሚችለው እንዴት ነው? የምናውቃቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ለማነጻጸር ያህል የመንኮራኩሩን መጠነ ቁስ 1,000 ቶን፣ ማለትም 1,000,000 ኪሎ ግራም፣ እንበል።

የመጀመሪያው መንገድ ሮኬት ነው። መንኮራኩሩ ጋዝ ወደ ታች እየተፋ ክብደቱን ይሸከማል። የሚያስፈልገው ጉልበት 1,000,000 × 9.8 = 9,800,000 ኒውተን ነው። በሃይድሮጅንና በኦክስጅን የሚሠራ ጥሩ ሮኬት ጋዙን በሰከንድ 4,400 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስወጣል። ጉልበቱን ለፍጥነቱ ስናካፍል በየሰከንዱ 2,200 ኪሎ ግራም ገደማ ነዳጅ እንደሚቃጠል እናገኛለን። ነዳጁ ሲቀንስ ክብደቱም እየቀለለ መሄዱን አስበን ስናሰላው እንኳ፣ ከ5 ደቂቃ ጥቂት አለፍ ሲል መንኮራኩሩ ከመጠነ ቁሱ ግማሹን አጥቷል። ስለዚህ ለዓመታት መቆየት ቀርቶ አንድ ሰዓት መቆየት የማይታሰብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ተንሳፋፊነት ነው። አርኪሜደስ እንዳስተማረን አንድ አካል ከገፋው አየር ክብደት ጋር እኩል በሆነ ጉልበት ወደ ላይ ይገፋል። እዚህ ላይ የዳሎል አየር ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ቦታው ዝቅ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት 102.7 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በ35 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ 1.16 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ግን ግፊቱ 81.5 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት እፍጋቱ 0.97 ኪሎ ግራም ነው። መንኮራኩሩን በሂሊየም ብንሞላው አንድ ሜትር ኩብ ሂሊየም በዳሎል 1 ኪሎ ግራም ያህል ሲያነሣ፣ በጭሮ የሚያነሣው 0.83 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ 1,000 ቶኑን ለማንሳፈፍ በዳሎል 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ በጭሮ ደግሞ 1.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሂሊየም ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ይዘት እያንዳንዱ ጎኑ 100 ሜትር ከሆነ ሣጥን ጋር እኩል ነው። ግዙፍ ቢሆንም የማይቻል አይደለም። ዳሎል ሞቃት ሆኖ ሳለ አየሩ ከጭሮ አየር ይልቅ የታፈገ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የከፍታው ልዩነት የሙቀቱን ልዩነት አሸንፎታል።

ሦስተኛው መንገድ ምህዋር ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምትዞር ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ከታች ለሚያያት በአንድ ስፍራ የቆመች ትመስላለች። ነዳጅ ሳያስፈልግ ለዓመታት መቆየት እዚህ ይቻላል። ችግሩ ርቀቱ ነው። ጨረቃ 3,474 ኪሎ ሜትር ስፋት ይዛ በ384,400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆና የምትታየንን ያህል ተልቃ እንድትታይ፣ በዚህ ምህዋር ላይ ያለች መንኮራኩር ስንት ኪሎ ሜትር ስፋት ሊኖራት ይገባል? በምጥጥን ስናሰላው 320 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ ካለው የመኪና መንገድ ርዝመት ጋር ይቀራረባል። በተጨማሪም ምህዋሩ በምድር ወገብ ላይ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ለሚያያት መንኮራኩሯ ልክ ከአናት በላይ አትሆንም፤ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች።

ያንሶ በፊልሙ ውስጥ ከእነዚህ መንገዶች የትኛውንም አልመረጠም፤ መንኮራኩሩ ለምን እንደማይወድቅ አይነግረንም። ይህ የድርሰቱ ጉድለት ነውን? መልሱ ደራሲው ከተመልካች ጋር በገባው ውል ላይ የተመሠረተ ነው።

ሁለት ዓይነት ውል

በ1968 የወጣው «2001፦ የሕዋ ጉዞ» የተባለው ፊልም ድርሰት የተጻፈው በስታንሊ ኩብሪክና በአርተር ክላርክ ነው። ክላርክ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ፊዚክስና ሒሳብ የተማረ ደራሲ ነበር። ከላይ የጠቀስነውን ቋሚ መስሎ የሚታይ ምህዋር ለሬዲዮ መገናኛ ማዋል እንደሚቻል በ1945 «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ያስረዳው እርሱ ነው። ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ «ሲንኮም 3» የተባለችው ሳተላይት በዚህ ምህዋር ላይ ዋለች። የእንዲህ ዓይነቱ ደራሲ ውል «የማሳያችሁ ሁሉ በታወቀው ሕግ ይሠራል» የሚል ነው። በዚህም ምክንያት በፊልሙ ውስጥ በውጭው ሕዋ ድምፅ አይሰማም፤ ድምፅ የሚያስተላልፍ አየር የለምና። በመንኮራኩሩ ውስጥ ያለው ሰው ክብደት እንዲሰማው መኖሪያው እንደ ጎማ ይሽከረከራል።

በ2014 የወጣው «ኢንተርስቴላር»ም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ደራሲዎቹ ወንድማማቾቹ ጆናታንና ክሪስቶፈር ኖላን ሲሆኑ፣ በ2017 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ኪፕ ቶርን አብሯቸው ሠርቷል። በዚያ ፊልም በአንድ ፕላኔት ላይ የሚያልፍ 1 ሰዓት በምድር 7 ዓመት ነው። ይህም ጊዜው ከ61,000 ጊዜ በላይ ዘግይቷል ማለት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ነገር በፍጥነት በምትሽከረከር ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ከአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ጋር እንደማይጋጭ ቶርን በስሌት አሳይቷል።

የያንሶ ውል ከዚህ የተለየ ነው። በ«ፍርፋሪ» ውስጥ ያለው ሰው መንኮራኩሩ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም በአካባቢው የለም። ተመልካቹ የሚያየው በገጸ ባሕርዩ ዓይን ስለሆነ እርሱም አያውቅም። ደራሲው ለጥያቄው መልስ አለመስጠቱ የታሪኩ አካል ነው። ታሪኩ በእውነት የሚመረምረው ሕግ ሌላ ነው፤ ዕቃው ሲተርፍና ዕቃውን የሠራው እውቀት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

የፊልሙ መልስ ግልጽ ነው። እውቀት የተለየው መሣሪያ ክታብ ይሆናል። መጫወቻው ይታሠራል፣ ምስሉ ይለመናል፣ ማሽኑ ይፈራል። ተመልካቹ በዚህ ሲስቅ ራሱን ጭምር ይመለከት ይሆናል። በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ውስጥ ሞገድ እንዴት ድምፅ እንደሚሆን ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ማስረዳት እንችላለን? ስልኩ ሲበላሽ የምናደርገው ምንድን ነው? መትተን እናየዋለን፤ አጥፍተን እናበራዋለን፤ ካልሆነም «አዋቂ» ወደምንለው ሰው እንወስደዋለን። በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለን ያስተዋልነው አንድ ነገር፣ ይህ ልማድ የሀብታም አገር ሰዎችም ልማድ መሆኑ ነው። ልዩነቱ በዚያ አገር መሣሪያውን ፈትቶ የሚገጥም ሰው በየከተማው መኖሩ ላይ ነው።

ያነሰ ገንዘብ፣ የበለጠ ሐሳብ

ሁለተኛው ፊልም በ2035 የሚፈጸም ታሪክ ነው። አንድ የስለላ ሠራተኛ በኮምፒውተር ወደተፈጠረ ምናባዊ ዓለም ገብቶ «ሶቪየት ኅብረት» የተባለ ቫይረስ ይዋጋል። ቀረጻው ከፊሉ በኢትዮጵያ፣ ከፊሉ በኢስቶኒያ የተከናወነ ነው። ምናባዊውን ዓለም ለማሳየት ውድ የኮምፒውተር ሥዕል ከመጠቀም ይልቅ ተዋንያኑ የታዋቂ ሰዎችን ፊት ከወረቀት ቆርጠው ለብሰዋል፤ እንቅስቃሴያቸውም ቆረጥ ቆረጥ እንዲል ተደርጓል።

ከዚህ ዘዴ በስተጀርባ ያለው ሳይንስ ቀላል ነው። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ቋሚ ፎቶግራፎችን በተከታታይ ያሳየናል፤ አንጎላችንም እንደ አንድ ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ ይቀበላቸዋል። ለአንድ ደቂቃ ትዕይንት 1,440 ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ቁጥሩን በግማሽ ቀንሰን 720 የተለያዩ ፎቶግራፎች ብቻ ብንጠቀም ዓይን ጉድለቱን ማስተዋል ይጀምራል። ያንሶ ይህን ጉድለት ትርጉም ሰጠው፤ «ይህ ዓለም እውነተኛ አይደለም» የሚል ምልክት አደረገው። አንድ የምርምር ተማሪ በላቦራቶሪው ያለውን አሮጌ መሣሪያ ጉድለት አውቆ ልኬታውን በዚያው ልክ ሲያስተካክል የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከቦርደዴ ቢጻፍስ?

እስካሁን የተነጋገርንበት ደራሲ ከማድሪድ የመጣ ሰው ነው። አገራችንን በእንግዳ ዓይን አይቷል፤ ያየውንም በቅንነት ጽፏል። ሆኖም እንግዳ ዓይን የማያየው ነገር አለ። ስለዚህ አሁን ቦታውን እንለውጥና ደራሲው የአንባቢያችን ያህል ዕድሜ ያለው፣ ቦርደዴ የሚኖር ተማሪ ነው እንበል። ቦርደዴ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ በአዋሽና በሚኤሶ መካከል ያለች የቆላ ከተማ ናት። ተማሪው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ የአገሩ ቋንቋ ሊጽፍ ይችላል። በእጁ ያለው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ሰማይ አለው። ቦርደዴ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል። በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ደግሞ «የደቡብ መስቀል» የተባለው የከዋክብት ስብስብ በደቡብ በኩል 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ማድሪድ ግን 40 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ይህ ስብስብ ዘወትር ከአድማሷ በታች ነው። ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ማየት የሚችለው የቦርደዴው ተማሪ እንጂ የማድሪዱ ሰው አይደለም። በብርሃን ያልተጥለቀለቀው የቆላ ሌሊት ለዚህ ይረዳዋል። መንኮራኩሩን ከደቡብ መስቀል ሥር ሊያቆመው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የዘመን ንብርብር አለው። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶም በዚህ ቆላ በኩል ያልፍ ነበር። የሐዲዱ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌው መስመር በዚህ ክፍል ሥራ ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2016 የተመረቀውና በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት የግንባታ ድርጅቶች የተከፋፈሉት መስመር የሚገናኘው ሚኤሶ ላይ ነው።

እንግዲህ ተማሪያችን አንድ የፈጠራ ፈቃድ ብቻ እንውሰድለት፤ ከ200 ዓመት በኋላ ኤሌክትሪክ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ሽቦውና ሐዲዱ ግን አሉ። የሚኤሶና የቦርደዴ ሰዎች ከዚያ በኋላ ስለ ሁለቱ የብረት መንገዶች ምን ይላሉ? ጠባቡን ጥንታዊ፣ ሰፊውን አዲስ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አለመሄዱን ሲያዩ የሁለት ነገሥታት መንገድ ነው ይሉ ይሆን? ከፈጠራው ውጭ ያለው ሁሉ ግን ሕጉን ይጠብቃል። አንድ ኪሎ ሜትር የብረት ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ በቆላው ቀትር ክፍተት ያልተተወለት ሐዲድ ይጎብጣል። ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,000 ሜትር ያህል፣ በሞቃት አየር ውስጥ ደግሞ 350 ሜትር ያህል ይጓዛል። አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ሐዲዱ በመዶሻ ቢመታ ድምፁ በብረቱ በ1 ሰከንድ፣ በአየሩ በ14 ሰከንድ ይደርሳል፤ በመንገድ ላይ ሳይዳከም ቢቀር ማለታችን ነው። አንድ ምት ሁለት ጊዜ የሚሰማበት መንደር ለደራሲ ትንሽ ስጦታ አይደለም። መንደርተኛው ሁለተኛውን ድምፅ የሙት መንፈስ መልስ ነው ይለዋል። አንዲት ልጅ ግን በሁለቱ ድምፆች መካከል እየቆጠረች ርቀቱን ማስላት ትጀምራለች። ይህች ልጅ የጠፋውን ሳይንስ የመጀመሪያ ገጽ ጻፈች ማለት ነው፤ ድርሰቱም ዋና ገጸ ባሕርዩን አገኘ።

ከዚህ ምናባዊ ታሪክ የምንረዳው ጉዳይ ከሲኒማ ይሰፋል። በአካባቢያችን የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ የስልክ ማማው፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳው ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ፈትቶ የሚገጥማቸውና በራሱ ቋንቋ የሚያስረዳቸው ሰው በአካባቢው ካለ የአካባቢው ንብረት ይሆናሉ። ከሌለ ግን 200 ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዛሬም ፍርፋሪ ናቸው። የክፍል 9 ተማሪ የሐዲዱን መርዘም ማስላቱና ያንን ስሌት ለታናሽ ወንድሙ በታሪክ መልክ መንገሩ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መስለው ቢታዩም፣ እውቀት ከዕቃው ጋር አብሮ እንዲቆይ የሚያደርገው የሁለቱ መጣመር ነው።

መልመጃ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች አንባቢያን በግል ወይም በክበብ ሆነው እንዲሠሯቸው እንጋብዛለን።

1. ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በጭሮና በዳሎል ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል? ከዳሎል ወደ ጭሮ የተሰደደች አንዲት ባለ ጉልት ሽሮዋ ለምን እንደዘገየባት የምትጠይቅበትን አንድ ገጽ ጻፉ።

2. የአንድ ተራ ስልክ ባትሪ ሲሞላ 53,000 ጁል ያህል ይይዛል። ይህ ሁሉ ሳይባክን ቢውል 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ስንት ሜትር ወደ ላይ ያነሣል? (መልሱ 270 ሜትር ገደማ ነው።) ይህ ቁጥር በየቀኑ ውኃ ለምትቀዳ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳይ ትዕይንት አስቡ።

3. በአካባቢያችሁ ካሉት መሣሪያዎች አንዱን ምረጡ። የሠራው እውቀት ጠፍቶ መሣሪያው ብቻ ቢቀር ሰዎች ምን ብለው ይጠሩታል? ለምን ያውሉታል? ቀጥላችሁ የመሣሪያውን እውነተኛ አሠራር ከአምስት ባልበለጡ ዐረፍተ ነገሮች፣ የውጭ ቃል በተቻለ መጠን ሳትጠቀሙ፣ አስረዱ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። መጀመሪያ የተጻፈው ክፍል ቶሎ ያልቃል፤ አምስቱ ዐረፍተ ነገሮች ግን ብዙ መጻሕፍትን ያስገልጣሉ። ሁለቱንም ጽፎ የጨረሰ ተማሪ የአንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ድርሰት የመጀመሪያ ገጾች በእጁ ናቸው።